ቁጭ ብሎ ማውራት ለምን ያደክማል?

የኔታንያ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ፣ አገሬው «ታኻና መርካዚት» የሚለው፣ በመሃል ከተማ ከሄርጽል ጎዳና ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። ኔታንያ በእስራኤል ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰቦች አንዱ የሚኖርባት ከተማ ስለሆነች፣ በጣቢያው ከዕብራይስጡ፣ ከሩሲያኛውና ከፈረንሳይኛው ጋር አማርኛም ይሰማል። አዛውንቱ ወደ ሐኪም ቤት፣ እናቶች ወደ ገበያ፣ ወጣቶች ደግሞ ወደ ቴል አቪቭ ወይም በከተማው ደቡብ ወዳለው የፖሌግ ኢንዱስትሪ ቀጠና ይሳፈራሉ። ከወጣቶቹ መካከል ወታደርነቱን ጨርሰው ወይም ኮሌጅ እየተማሩ በ«ሞከድ»፣ ማለትም በስልክ ጥሪ ማዕከል የሚሠሩ አሉ። የሞባይል ስልክ ኩባንያው ሰልኮም ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለው በዚችው ከተማ ነው።

እነዚህ ወጣቶች ማታ ደክሟቸው ሲገቡ ወላጅ ይገረማል፤ «ቁጭ ብለሽ ስልክ ማውራት ምን ያደክማል?» ይላል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲያጸዳ ወይም ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ሲያነሳ የዋለ ሰው ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ይህ ማብራሪያ ጥያቄውን ከምር ወስዶ ይመልሳል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ወሬ አያደክምም፤ ሰው ቡና ላይ ግማሽ ቀን ሲያወራ ውሎ ታድሶ ይነሳል። የሚያደክመው ቃሉን፣ ፍጥነቱንና ማብቂያውን ሌላ ሰው የወሰነውን ንግግር፣ ውጤቱን ግን ራስ ተሸክሞ፣ በቀን በአሥሮች የሚቆጠር ጊዜ መድገም ነው። ረጅሙ መልስ ሥራው እንዴት እንደተደራጀ ከማየት ይጀምራል።

ሰልፉን የሚያሰላው ቀመር

አግነር ኤርላንግ የኮፐንሃገን ስልክ ኩባንያ ባልደረባ የነበረ የዴንማርክ የሒሳብ ሰው ነው። በ1909 ስለ ስልክ ጥሪዎች የመጀመሪያ ጥናቱን አሳተመ፤ በ1917 ደግሞ ዛሬም ድረስ የጥሪ ማዕከሎች የሚጠቀሙባቸውን ቀመሮች አወጣ። ጥያቄው ቀላል ነበር። ሰው በፈለገው ሰዓት የሚደውል ከሆነ፣ ደዋይ ብዙ እንዳይጠብቅ ስንት መስመርና ስንት ሠራተኛ ያስፈልጋል?

ዛሬ ስሌቱን የሚሠራው ኮምፒውተር ነው። ስልክ ተቀባይዋ አንዱን ጥሪ እንደዘጋች፣ ማከፋፈያው በሰልፍ ያለውን ቀጣይ ደዋይ ራሱ ወደ ጆሮዋ ይልካል። ማንሳት አለማንሳት የእርሷ ምርጫ አይደለም። ስክሪኑ ላይ ስንት ሰው እንደሚጠብቅ፣ እርሷ ስንት ደቂቃ እንዳወራች፣ ከጥሪ ወደ ጥሪ ስንት ሰከንድ እንደቆየች ይታያል። አለቃዋም ያንኑ ያያል።

ቁጥር እንውሰድ። የ8 ሰዓት ፈረቃ 45 ደቂቃ እረፍት ሲቀነስለት 435 ደቂቃ ይቀራል። ከየ10 ደቂቃው 8ቱ በጥሪ ቢያዝና አንዱ ጥሪ በአማካይ 5 ደቂቃ ቢፈጅ፣ በቀን ወደ 70 ጥሪ ይመጣል ማለት ነው። ሰባ ጊዜ «ጤና ይስጥልኝ፣ ስሜ እገሌ ይባላል፣ ምን ልርዳዎ?»፤ ሰባ ጊዜ የመታወቂያ ቁጥር፤ ሰባ ጊዜ «ሌላ የምረዳዎት ነገር ይኖር ይሆን?»። ለደዋዩ ችግሩ የዛሬ አንድ ችግር ነው። ለእርሷ ግን ከሰባው አርባኛው ነው፤ እንደ መጀመሪያው ሆና መስማት ይጠበቅባታል።

የኤርላንግ ቀመር የሚነግረን ሌላም ነገር አለ። ሠራተኞች በጥሪና በጥሪ መካከል ያላቸው ፋታ ባነሰ ቁጥር የደዋዮች ሰልፍ በትንሽ በትንሹ አያድግም፤ አንድ ደረጃ ካለፈ በኋላ በድንገት ይረዝማል። ስለዚህ ያቺ ትንሽ ፋታ የስንፍና ምልክት ተደርጋ መቆጠር የለባትም። ሰልፉ የሚያጥረው በእርሷ ነው፤ ሠራተኛዋ የምትተነፍሰውም በእርሷ።

እስራኤል ውስጥ ሰልፉ የሕግ ጉዳይም ነው። የ1981ዱ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ተሻሽሎ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ እንደ ስልክና ኢንተርኔት፣ ኤሌክትሪክ፣ ጋዝና ውሃ ያሉ አገልግሎቶችን የሚሰጡ ድርጅቶች ለተወሰኑ ጉዳዮች፣ ለምሳሌ ለብልሽት፣ ለሒሳብ ጥያቄና ውል ለማቋረጥ፣ ደዋዩን ከሰው ጋር እንዲያገናኙ ተደንግጓል፤ ጥበቃውም ከ6 ደቂቃ እንዳይበልጥ። ለደዋይ ጥሩ ሕግ ነው። ድርጅቱ ግን ሕጉን በሁለት መንገድ ሊፈጽመው ይችላል፦ ሰው በመጨመር ወይም ያሉትን ሰዎች በማጣደፍ። ጫናው የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ይህ ምርጫ ነው።

የተጻፈው ንግግር ለምን አስፈለገ?

ስክሪፕት፣ ማለትም ለሠራተኛዋ ተጽፎ የሚሰጣት ንግግር፣ ጠላት አይደለም። ትናንት የተቀጠረች ልጅ ዛሬ ስልክ እንድታነሳ ያስችላታል። ውል በስልክ ሲሸጥ ለደዋዩ መነገር ያለበት ነገር ሳይነገር እንዳይቀር ይጠብቃል። ጠብ ሲመጣም «የተባልኩትን ነው ያልኩት» ለማለት ይረዳል። ዕብራይስጡን ገና ያልለመደች ሠራተኛ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያለ ድንጋጤ የምታልፈው የተጻፈ ነገር ፊት ለፊቷ ስላለ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ስክሪፕቱ ከመርጃነት አልፎ መለኪያ ሲሆን ነው። ጥሪው ይቀዳል፤ ከዚያም አንድ ሰው ወይም ፕሮግራም አዳምጦ ነጥብ ይሰጣል። ሰላምታው ተባለ? የደዋዩ ስም ተጠራ? «ስሜትዎን እረዳለሁ» ተባለ? የመዝጊያው ዐረፍተ ነገር ሳይጎድል ተነገረ? ደዋዩ ችግሩ ተፈትቶለት መርቆ ቢዘጋም፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ከጎደለ ነጥብ ይጎድላል። ደዋዩ ሳይረዳ ቢቀርም፣ ዐረፍተ ነገሮቹ ከተሟሉ ነጥቡ ሙሉ ነው።

ይህ አሠራር ከስልክ በፊት የነበረ አስተሳሰብ ልጅ ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ቴይለር በ1911 ባሳተመው መጽሐፍ የሥራው ዕቅድ ለአስተዳደሩ፣ አፈጻጸሙ ለሠራተኛው እንዲሆን፣ እያንዳንዱ እርምጃም በሰዓት እንዲለካ መከረ። እርሱ ያሰበው ብረትና አካፋ የሚያነሳውን ሰው ነበር። በጥሪ ማዕከል ውስጥ የሚለካው የእጅ እንቅስቃሴ ሳይሆን ንግግርና የድምፅ ቃና ነው።

የብሪታንያ የሥራ ጤናና ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2003 ያወጣው ጥናት በበርካታ ማዕከሎች ያሉ ሠራተኞችን ጠይቆ ነበር። ስክሪፕቱን ዘወትር ቃል በቃል እንዲከተሉ የሚገደዱት በራሳቸው አነጋገር ከሚያስተናግዱት ይልቅ ደኅንነታቸው የከፋ ሆኖ ተገኝቷል። በ2007 የወጣውና እስራኤልን ጨምሮ በ17 ሀገራት ወደ 2,500 ማዕከሎችን የዳሰሰው ዓለም አቀፍ ጥናትም ወደዚያው ያመለክታል። ሠራተኛው የመወሰን ሥልጣን ባነሰውና ቁጥጥሩ በበረታበት ቁጥር ሥራውን ለቅቆ የሚሄደው ይበዛል።

አእምሮ ላይ የሚሆነው

ሮበርት ካራሴክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1979 የአሜሪካና የስዊድን ሠራተኞችን መረጃ አይቶ አንድ ነገር ለየ። ሥራ የሚበዛበት ሰው ሁሉ አይጎዳም። ቀዶ ሐኪምም ሥራ ይበዛበታል፤ ነገር ግን ምን እንደሚያስቀድም፣ እንዴት እንደሚሠራ ይወስናል። ጉዳቱ የሚከፋው ብዙ ሲጠየቅና ትንሽ ሲፈቀድ ነው። የጥሪ ማዕከል ሥራ በጣም የሚመስለው ይህንን ነው፦ ጥያቄው ማለቂያ የለውም፣ ውሳኔው ግን ከክፍሉ ውጭ ነው። ደዋዩ «ገንዘቤን መልሱልኝ» ሲል የመመለስ ሥልጣን የላትም፤ ይቅርታ የመጠየቅ ግዴታ ግን አለባት።

ሁለተኛው ሸክም ፈገግታው ነው። አርሊ ሆክሺልድ በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ የበረራ አስተናጋጆችንና ዕዳ ሰብሳቢዎችን አጥንታ፣ ስሜትን ለደመወዝ ሲባል መቆጣጠር ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑን አሳየች። ሰው ያልተሰማውን ስሜት እንደተሰማው አድርጎ ሲያሳይ ጉልበት ያወጣል። ቡና የሚያፈላ ሰው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ሲቀዳ ሦስተኛው ሲኒ መቅጠኑን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይቀየምም። ስክሪፕት ግን ሰባኛውም ሲኒ አቦል እንዲሆን ያዛል።

ይህ በሙከራም ታይቷል። በ2007 ሎሪ ጎልድበርግና አሊሺያ ግራንዲ የተባሉ ተመራማሪዎች የጥሪ ማዕከል ሥራን የሚመስል ሙከራ አዘጋጁ። ከተሳታፊዎቹ ገሚሶቹ ደስተኛ ድምፅ እንዲያሰሙ ታዘዙ፤ ሌሎቹ እንዳሻቸው እንዲያወሩ ተተዉ። የታዘዙት የበለጠ ደከሙ፤ ትዕዛዝ ሲመዘግቡም የበለጠ ተሳሳቱ። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። የራስን ቃና መጠበቅ ትኩረት ይበላል፤ ለደዋዩ ጉዳይ የሚተርፈው ትኩረት ያንሳል። ስለዚህ «ፈገግታ በድምፅሽ ይሰማ» የሚለው ትእዛዝ ሲበዛ የሚጎዳው ሠራተኛዋን ብቻ አይደለም፤ የደንበኛውም ሒሳብ በስህተት ይመዘገባል።

ሦስተኛው ሸክም ስድብ ነው። ደዋዩ የተቆጣው በድርጅቱ ነው፤ የሚሰማው ግን የአንዲት ልጅ ጆሮ ነው። በቤቷ «ለክፉ ሰው አትመልሺ፣ ተነስተሽ ሂጂ» ተብላ ያደገች ልጅ መመለስም መሄድም አትችልም። ጥሪው ሲያልቅ ደግሞ ቀጣዩ ደዋይ ምንም ሳያጠፋ የቀደመውን ሰው ንዴት እንዳይወርስ፣ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ድምፅዋን መመለስ አለባት።

ይህ ለወራት ሲጠራቀም መዛል ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ይህን በሥራ ቦታ የሚመጣ ክስተት አድርጎ በሦስት ምልክቶች ገልጾታል፦ ጉልበት ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅ ወይም መራራ መሆን፣ «ምንም አልጠቅምም» የሚል ስሜት። ድርጅቱ በሽታ አላለውም። ነገር ግን ጭንቀቱ ከቤትም አልጋ ላይም የሚከተል፣ እንቅልፍ የሚነሳ፣ መኖርን የሚያስጠላ ከሆነ ነገሩ ከሥራ ድካም አልፏል፤ የቤተሰብ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

ጉሮሮና ጆሮ

ድካሙ በአካልም አለ። የድምፅ አውታሮች በንግግር ጊዜ በሴት ወደ 200፣ በወንድ ከ100 በላይ ጊዜ በሰከንድ ይርገበገባሉ። ሰው በራሱ ሲያወራ ሳያውቀው ያርፋል፤ ያዳምጣል፣ ያስባል፣ ይስቃል። በስክሪፕት የሚያወራ ሰው ግን ማረፊያውን አይመርጥም።

ጫጫታው ይጨመርበታል። ፈረንሳዊው የአንገት በላይ ሐኪም ኤትየን ሎምባር በ1911 እንዳስረዳው፣ ሰው በጫጫታ መካከል ሲያወራ ሳያስበው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ብዙ ሰው ተደርድሮ በሚያወራበት አዳራሽ አንዱ ድምፁን ሲያነሳ ጎረቤቱም ያነሳል፤ ማታ ሁሉም ጉሮሮው ሻክሮ ይወጣል። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መጎርነን በሎሚና በማር ብቻ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ የአንገት በላይ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ከጆሮ ማዳመጫው በድንገት የሚወጣ ኃይለኛ ጩኸትም ሕመም ወይም የጆሮ ጭው ማለት ሊያስከትል ስለሚችል፣ በደረሰበት ቀን ለኃላፊ በጽሑፍ ማሳወቅ ይበጃል።

ደዋዩ አማርኛ ተናጋሪ ሲሆን

የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣውና ከ2013 ጀምሮ በጸናው መመሪያ የጤና ተቋማት ለታካሚው በቋንቋና በባህል ተደራሽ እንዲሆኑ አዟል። «ኮል ሀብሪዑት» የተባለው የሚኒስቴሩ የስልክ አገልግሎትም፣ ኮከብ 5400፣ በአማርኛ ጭምር ይሰጣል። ይህ ለሽማግሌዎቻችን ትልቅ ነገር ነው። በአማርኛ ስልክ የሚቀበል ሰው ግን፣ የትም ቢሠራ፣ ከሌላው የተለየ ፈተና አለበት፦ ሰላምታችን ረጅም ነው።

ከደንቢያ ወይም ከአምቦበር የመጡ እናት ሲደውሉ በመታወቂያ ቁጥር አይጀምሩም። «እንደምን ዋልሽ ልጄ? ቤተሰብ ደኅና? የማን ልጅ ነሽ? አገርሽ ወዴት ነው?» ይላሉ። ልጅቱ ዘመድ ሆና ልትገኝም ትችላለች። «እማማ፣ የመታወቂያ ቁጥርዎን ይንገሩኝ» ብሎ ማቋረጥ በስክሪፕቱ ትክክል ነው፤ በአስተዳደግ ግን ነውር ነው። ሰላምታውን ብትመልስ የጥሪው ጊዜ ይረዝምባታል፤ ብታቋርጥ እናትየዋ «ይቺ ልጅ ተቆጣችኝ» ብለው ችግራቸውን ሳይናገሩ ሊዘጉ ይችላሉ።

በዕብራይስጥ ጥሪ የተተመነ ደቂቃ ለአማርኛ ጥሪ አይበቃም። በአማርኛ የሚያስተናግድ ማንኛውም ተቋም የአማርኛውን ጥሪ በራሱ ሚዛን ቢለካ፣ ሠራተኛዋ በጨዋነቷ አትቀጣም፤ ደዋይዋም የሚያስፈልጋቸውን ሳይናገሩ አይዘጉም።

በኢትዮጵያም ሥራው እንግዳ አይደለም። የኢትዮ ቴሌኮም 994 ብዙ ደዋይ የሚያስተናግድ መስመር ነው። በኮሮና ወቅት 8335 እና 952 በፍርሃት የተዋጠ ሰው የሚደውልባቸው የጤና መስመሮች ነበሩ። በ2014 የተጀመረው የገበሬዎች መስመር 8028 ደግሞ ሌላ መንገድ ያሳያል። ስለ ዘርና ማዳበሪያ የሚደጋገመውን ምክር ገበሬው ቁጥር እየተጫነ ከተቀዳ ድምፅ ይሰማል። ሳይለወጥ የሚደጋገመውን ለመሣሪያ መስጠት ይቻላል፤ ሰው የሚያስፈልገው ጥያቄው ከመስመር ሲወጣ ነው። ያን ጊዜ ግን ለሰውየው ከመስመር የመውጣት ፈቃድ ሊሰጠው ይገባል።

በእስራኤል ሕግ ማወቅ የሚጠቅሙ ነገሮች

አሠሪ ሠራተኛው ሥራ በጀመረ በ30 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ ለወጣት ሠራተኛ ጊዜው 7 ቀን ነው። ደመወዙ፣ ሰዓቱና የዕረፍት ቀኑ እዚያ ላይ ይታያል። ሙሉ የሥራ ሳምንት ከሚያዝያ 2018 ጀምሮ 42 ሰዓት ነው። ሠራተኛ እንደ ፍላጎቱ ወደ መጸዳጃ ቤት የመሄድ መብት አለው፤ ያም ጊዜ እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠራል። ማንም ሰው መጸዳጃ ለመሄድ ተራ እንዲጠብቅ ከተገደደ ይህን ማወቅ ይጠቅመዋል።

ድምፅ ሲጠፋ ያለው መብት የሕመም ፈቃድ ነው። በ1976ቱ ሕግ መሠረት በወር አንድ ቀን ተኩል እየተጠራቀመ እስከ 90 ቀን ይደርሳል። የመጀመሪያው ቀን አይከፈልም፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው በግማሽ፣ ከአራተኛው ጀምሮ ሙሉ ይከፈላል፤ ውሉ ከዚህ የተሻለ ከሆነ ውሉ ይጸናል።

መደራጀትም ይቻላል። ብሔራዊ የሥራ ፍርድ ቤት በጥር 2013 በሞባይል ስልክ ኩባንያው በፔለፎን ሠራተኞች ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ሠራተኞች መደራጀት ሲጀምሩ አሠሪው በሂደቱ ጣልቃ እንዳይገባ ከልክሏል። ከዚያ በኋላ በሞባይል ስልክ ኩባንያዎች መደራጀቱ ቀጠለ፤ ሰልኮምም በ2015 ከሠራተኛ ማኅበሩ ከሂስታድሩት ጋር የጋራ ስምምነት ተፈራርሟል። በእንዲህ ያለ ስምምነት ከደመወዝ በተጨማሪ ስለ ፈረቃ፣ ስለ እረፍትና ስለ ቁጥጥር መደራደር ይቻላል።

ምን ይደረግ?

ሠራተኛዋ በእጇ ያለው ጥቂት ቢሆንም አለ። ውሃ አጠገቧ ማኖር፣ የማዳመጫውን ድምፅ ዝቅ አድርጋ የራሷንም ድምፅ ማውረድ፣ በእረፍቷ ጊዜ ከስልክ ርቃ ዝም ማለት፣ ክፉ ጥሪ ሲያጋጥም ለባልደረባ መንገር። በእረፍት ጊዜ ስልክ ከፍቶ ድምፅ መልእክት መላላክ ለጉሮሮ እረፍት አይደለም።

ዋናው መፍትሔ ግን በአለቃው እጅ ነው፤ ያም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በሕግ መነገር ያለበት ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል ይነገር፤ የቀረው በራስ አነጋገር ይሁን። ጥሪው በስንት ደቂቃ እንዳለቀ ከመለካት ይልቅ ያው ደዋይ በዚያው ጉዳይ ተመልሶ መደወል አለመደወሉ ይታይ። ተሳዳቢን አስጠንቅቆ መዝጋት ይፈቀድ፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ፋታ ይሰጥ። ጥቂት ገንዘብ ሳያስፈቅዱ የመመለስ ሥልጣን ይሰጥ። ስልክ ብቻ ሲቀበሉ ከመዋል የጽሑፍ ጥያቄ መመለስም ይቀላቀልበት።

ቤተሰብ ደግሞ ልጅቱ እንደገባች ለግማሽ ሰዓት ወሬ ባይጠይቃት መልካም ነው። ዝምታዋ ኩራት ወይም ቁጣ ተደርጎ እንዳይወሰድባት።

ለሥራው የሚያመለክት ሰው ከመፈረሙ በፊት አራት ነገር ይጠይቅ። በጥሪና በጥሪ መካከል ስንት ሰከንድ አለ? ከስክሪፕቱ መውጣት የምችለው መቼ ነው? ነጥቤን ማን ይሰጣል፣ እኔስ አይቼ መከራከር እችላለሁ? ደዋይ ቢሰድበኝ ስልኩን መዝጋት ይፈቀድልኛል? አለቃው ለእነዚህ ግልጽ መልስ ካለው ሥራው ከባድ ቢሆንም የሚያዝ ነው። «ስትጀምሪ ታውቂዋለሽ» ካለ ግን በሰዓት የሚከፈለው ጥቂት ሰቅል ቢያንስም፣ ሌላ ቦታ መጠየቁ ያዋጣል።